ቤዝመንት ውስጥ ባንኮኒ ለመሥራት 1,500 ዶላር ይበቃል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ቤዝመንቱ የሻንጣና የካርቶን ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል። ግድግዳው ተሠርቷል፤ ወለሉ ግን ባዶ ኮንክሪት ነው። እኔና ባለቤቴ እዚያ ትንሽ ባንኮኒ ልንሠራ አስበናል። ቅዳሜ ማታ ጓደኞቻችን ይመጣሉ። አማቴ ጠጅ ይጥላሉ። በዓል ሲሆን ደግሞ ሳሎኑ ይጠብበናል። ያለን 1,500 ዶላር ነው፤ ለዚህ ብለን መበደር አንፈልግም። አንድ ኮንትራክተር ጠይቀን የነገረን ዋጋ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። መጋዝና ድሪል አለኝ፤ መደርደሪያም ሠርቼ አውቃለሁ። ከየት ልጀምር? ሲንክስ የግድ ነው?

ሎርተን፦
ሲንኩን ተወው ወንድሜ። የቤቱ የፍሳሽ መስመር ከቤዝመንቱ ወለል በላይ ከሆነ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልግሃል። ያ ብቻውን ብርህን ይበላዋል። ብርጭቆውን በትሪ ሰብስበህ ላይ ኩሽና እጠበው።

አናጺው፦
ይበቃሃል። እኔ መርካቶ አናጺ ነበርኩ፤ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ የኩሽና ካቢኔት እገጥማለሁ። ስለ ሲንኩ ከላይ የተጻፈው ልክ ነው።

ሰው ብሩን የሚጨርሰው በሚታየው ነገር ላይ ነው። ግራናይት፣ ባለ ቀለም መብራት፣ የመስታወት መደርደሪያ። ቤዝመንት ውስጥ ሥራ የሚያበላሸው ግን ከሥር የሚመጣ እርጥበት ነው። አንዲት እንጨት ሳትገዛ መጀመሪያ ወለሉን ፈትሽ። ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ የሚሆን ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ አንጥፍና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው። ሁለት ቀን አቆየው። ስታነሳው ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ኮንክሪቱ ጠቁሮ ካገኘኸው እርጥበት አለ። ያኔ ባንኮኒውን አቆይና ውጭ ወጥተህ አሸንዳውን እይ። ውሃውን ግድግዳው ሥር የሚያፈሰው ከሆነ ቱቦውን ቀጥለህ ከቤቱ አርቀው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ኮንክሪቱን የሚነካው የታችኛው እንጨት ደግሞ በመድኃኒት የተነከረው ዓይነት ይሁን። ተራው ይበሰብሳል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። ከ1,500ው 500ውን ለብቻ አስቀምጠውና አትንካው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን አምጣ፤ የካውንቲውን ፈቃድም ጠይቁ። ሶኬቱ ጂኤፍሲአይ የሚባለው ይሁን። ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው ራሱን ያጠፋል። እዚህ ላይ ቁጠባ አይታሰብም።

እንጨቱ ላይ ግን ቆጥብ። ሪስቶር የሚባሉት ሱቆች ያገለገለ ካቢኔትና በር በርካሽ ይሸጣሉ፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዘህ ሂድ። የታችኛው የኩሽና ካቢኔት ላዩ ሳይገባበት 34 ተኩል ኢንች ይቆማል። እሱን ከውስጥ በኩል አድርገው፤ መቅጃህና ዕቃ ማስቀመጫህ ይሆናል። ከፊቱ ሁለት በአራት በሚባለው የግድግዳ እንጨት አጭር ግድግዳ አቁም። የባንኮኒው ላይ ከወለሉ 42 ኢንች ላይ ይረፍ።

ለላዩ ያገለገለ በር ግዛ። ውስጡ ክፍት የሆነው አይሆንም፤ ድፍኑን ፈልግ። አንስተህ ስትመዝነው ታውቀዋለህ፣ ይከብዳል። የተለመደው በር 80 ኢንች ይረዝማል። ለአንድ ሰው 24 ኢንች ስታስብ ሦስት ሰው ሳይጋፋ ያስቀምጣል። በቁመቱ ሰንጥቀህ ስፋቱን 18 ኢንች አድርገው፤ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ቀጭን እንጨት ለጥፍ። 10 ኢንቹ ወደ እንግዳው በኩል ይውጣ፤ ጉልበት መግቢያ ነው። ከሥሩ ብረት ደግፈው፣ ሰው ይደገፍበታልና። ከዚያ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን የእንጨት ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባው። አንዱ ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ትንሽ እሸው፤ አቧራውን ጠርገህ ቀጣዩን ቀባ። የታችኛውንም ፊት ቀባ፣ አለዚያ እንጨቱ ይጣመማል። ይኼን ሥራ አትቸኩልበት። ጠጅ ሲፈስ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ስትጠርገው የሚለቅህ ቀለሙ በደንብ ከተቀባ ብቻ ነው።

ወንበሮቹ መቀመጫቸው 30 ኢንች አካባቢ ይሁን። ከባንኮኒው ጀርባ 36 ኢንች መተላለፊያ ተው። ትንሽ ፍሪጅ ካቢኔት ውስጥ ልታስገባ ካሰብክ ሙቀቱን ከፊት የሚያስወጣውን ዓይነት ግዛ። ከኋላ የሚያስወጣውን ከዘጋህበት ሞተሩ ይቃጠላል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ልጄ፣ እንጨቱን አናጺው ጨርሶልሃል። እኔ ስለ እንግዶችህ ልንገርህ። የእኛ ሰው በረድፍ ተቀምጦ ግድግዳ እያየ አይጫወትም። ፊት ለፊት መተያየት ይወዳል። ባንኮኒው ለሦስት ሰው ከበቃ ይበቃል። የቀረውን ቦታ ለዱካና ለመሶብ ተውለት። እኛም ቤት ሰው ከባንኮኒው የሚቀዳውን ተቀብሎ ዱካው ላይ ይሰበሰባል።

አሁን ደግሞ አደራ የምልህ። ቤዝመንት ውስጥ ከሰል እንዳይነድ። በዓል ሲሆን ቡናው እዚያው ይፈላ ማለታችሁ አይቀርም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እየተጫወተ ሳያውቀው ይገድላል። መስኮት ከፈትኩ ብሎ መተማመን አይቻልም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉት፣ በኤሌክትሪክ አፍሉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ግድግዳው ላይ ስቀል፤ ውድ አይደለም።

ጠጁን በተመለከተ፣ አማትህ ያውቁታል፤ ለአንተ ለባንኮኒው የሚሆነውን ብቻ ልንገርህ። ቤዝመንት ይቀዘቅዛል፤ ጥንስሱ ይዘገያል። ላይ ቤት ሞቅ ባለ ቦታ ይፍላ፤ ከተጣራ በኋላ ታች ይውረድ። ገና እየፈላ ያለውን ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ እንዳታስቀምጡ፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። የፌዴራሉ ሕግ ሁለት አዋቂ ባሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ወይን ለቤት መጠጫ መሥራት ይፈቅዳል፤ የማር ጠጅም ከዚያው ይቆጠራል። መሸጥ ግን አይቻልም። አረቄ ማውጣት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ለበዓል ብቻ ነው ብትልም አያድንህም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እማማ፣ አናጺው፣ ሎርተን፣ እግዜር ይስጥልን። ሲንኩን ትተነዋል። የከሰሉን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ማስጠንቀቂያውን ዛሬ እንገዛለን። አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባንኮኒውን ልናቆም ካሰብንበት ቦታ መሃል አንድ የብረት ምሰሶ አለ። ይነሳል?

አናጺው፦
አይነሳም። በፍጹም አትንካው። ከላይ ያለውን ዋናውን ተሸካሚ የያዘው እሱ ነው። መብሳትም መቁረጥም የለም። እንዲያውም ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ የባንኮኒው አንድ ጫፍ እዚያ ይለቅ። ዙሪያውን በእንጨት ሳጥን ሸፍነው፤ ወደ ውስጥ በሚያየው ጎን ጠባብ መደርደሪያ ይወጣልሃል። ብርሌ ይደረደርበታል። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ስንት ኢንች እንደሆነ ለክተህ ጻፍልኝ። መተላለፊያውን ቀንሰን ለላዩ የምትገዛው በር ይበቃ እንደሆነ እናያለን።