ኮምፓይለሩ ማለቂያ የሌለውን ሉፕ ሰረዘብኝ፤ መብት አለው እንዴ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስህተት ሲፈጠር ፕሮግራሙ እዚያው ቀጥ እንዲል አንድ ፈንክሽን ጻፍኩ፤ ውስጡ ያለው «ዋይል (1);» ብቻ ነው፣ ማለትም ምንም ሳይሠራ ለዘላለም የሚሽከረከር ሉፕ። በሲ ቋንቋ ሳስኬደው እንዳሰብኩት ቆመ። ያንኑ ፋይል በሲፕላስፕላስ፣ ክላንግ በሚባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ በሚቀይረው)፣ ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የሚያፈጥነውን) አብርቼ ሳስኬደው ግን ሉፑ የለም! አሴምብሊውን (ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትእዛዝ) ከፍቼ ሳይ የፈንክሽኑ ስም ብቻ ነው የቀረው፣ የመመለሻ ትእዛዝ እንኳ የለውም፣ ስለዚህ ሲጠራ ከሥሩ ወዳለው ሌላ ፈንክሽን ሰተት ብሎ ይገባል። እሱ ደግሞ ሞተር የሚያስነሳው ነው። ኮምፓይለሩ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?

መልስ 1፦
አላበድክም፣ ኮምፓይለሩም አልተሳሳተም። ከ2011 ጀምሮ የሲፕላስፕላስ ስታንዳርድ ኮምፓይለሩ አንድ ነገር እንዲገምት ፈቅዶለታል፦ ማንኛውም ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሄድ አንድ የሥራ መስመር) ውሎ አድሮ ወይ ያልቃል፣ ወይ ከውጭ ያነባል ወይ ወደ ውጭ ይጽፋል፣ ወይ ቮላታይል (ኮምፓይለሩ ንባቡን ወይም ጽሕፈቱን መሰረዝ የማይችለው) ወይም አቶሚክ (ትሬዶች ሳይጋጩ የሚጋሩት) ነገር ይነካል። ያንተ ሉፕ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ «እዚህ የሚደርስ የለም» ብሎ ጠረገው። ሲ11 (የ2011 የሲ ስታንዳርድ) ግን የሉፑ ሁኔታ እንደ 1 ያለ ቋሚ ከሆነ ይህን ግምት አይፈቅድም፣ በሲ የቆመልህ ለዚህ ነው።

መልስ 2፦
ቆይ ቆይ፣ የሲውም ጽሑፍ ያን ያህል የጠራ አይደለም። የሉፑ ሁኔታ ቋሚ ካልሆነ፣ ሉፑ ያልቃል ተብሎ «ሊገመት ይችላል» ይላል፤ ግምቱ ውሸት ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚከተል ግን አይናገርም። የግርጌ ማስታወሻው ዓላማው ባዶ ሉፕን ማስወገድ መሆኑን ይጠቅሳል፣ በቃ። እኔ ሳነበው ሉፑን ዘሎ ወደሚቀጥለው መስመር መሄድ ይቻላል ማለት ነው። ሌላው ሲያነበው ኮምፓይለሩ የፈለገውን ያድርግ ማለት ነው። ይህ የሰማይና የምድር ልዩነት ነው።

ለምሳሌ ኤክስ የተባለ ቁጥር 1 እስኪሆን፣ ሙሉ ሲሆን ለሁለት የሚያካፍል፣ ጎዶሎ ሲሆን በ3 አባዝቶ 1 የሚጨምር ሉፕ ጻፍ። ለሁሉም ቁጥር እንደሚያልቅ የሒሳብ ሰዎች እስካሁን አላረጋገጡም። ኮምፓይለሩ ግን አንድም ዙር ሳይሽከረከር «መልሱ 1 ነው» ሊልህ ይችላል፣ እነሱ ያቃታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈቃድ ገላገለው!

ጠያቂ፦
😂 እሺ፣ እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ሉፑ ውስጥ አንድ ቮላታይል ቫሪያብል አንብብ። በ2024 የሲፕላስፕላስ ስታንዳርድ ኮሚቴው እንዳንተ ያለው ባዶ ሉፕ እንዲከበር ወስኗል፣ ሲፕላስፕላስ 26 ለሚባለው እትም። በድሮ ክላንግ ላይ ግን አትመነው።

መልስ 2፦
ከሉፑ በፊት ደግሞ ሞተሩን አጥፋው እባክህ።

ጠያቂ፦
ቮላታይሏን ጨመርኩ፣ አሴምብሊው ላይ ወደ ኋላ የምትዘለዋ መስመር ተመልሳለች። ሞተሩንም አጥፍቻለሁ።