በኪሎ ሜትር የሚከፈል የመንገድ ክፍያ እኛ ጋ ቢመጣ የገጠሩ ባለመኪና ምን ይሆናል?

የፎገራው (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ ቤተሰቦች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው።

ቤቴ ከወረታ አስፋልት ወደ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ገባ ይላል። ያቺ 11 ኪሎ ሜትር በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ናት። የርብ ወንዝ ሲሞላማ መኪናዋን ወረታ ዘመድ ግቢ አቁሜ በእግሬ ነው የምገባው። ያለችኝ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ናት። በሳምንት አራት ቀን ሩዝና ሽንኩርት ጭኜ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከነጭቃው 140 ይሞላል።

ባሕር ዳር ያለው የሚስቴ ወንድም «ፒካፗን ሽጣትና ትንሽ ጨምረህ የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ፤ ከናፍጣ ሰልፍ ትገላገላለህ» ይለኛል። ኒውዚላንድ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ በስልክ «ተው አጎቴ፣ እዚህ የኤሌክትሪክ መኪና በነዳኸው ኪሎ ሜትር ልክ ያስከፍላል፤ ነገ እናንተም ጋ መምጣቱ አይቀርም» አለኝ።

ልጁ ያለው እውነት ነው? እኛ ጋ ቢመጣስ የሚጎዳው ብዙ የሚነዳው የገጠር ሰው አይደለም ወይ? ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደማወጣ አላውቅም። ጎረቤት «ጫንልኝ» ሲለኝ ዋጋ የምጠራው በግምት ነው። እንዴት ይሰላል?

ጣና ዳር

በኪሎ ሜትር ከሆነማ እኛ ባጃጅ ነጂዎች አለቀልን! ከጊዮርጊስ ፖሊ፣ ከፖሊ መናኸሪያ፣ ቀኑን ሙሉ መሽከርከር ነው። አንተ ገጠር ነኝ ትላለህ እንጂ እኔ ከተማ ውስጥ ሆኜ ካንተ ሳልበልጥ አልቀርም።

ከሃሚልተን

የእህትህ ልጅ እውነቱን ነው። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ አሁን ኒውዚላንድ ነው የምኖረው። ቫኔ የናፍጣ ናት፤ ስለዚህ ነገሩ በእጄ ያለ ነው።

እዚህ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው የመንገዱን ግብር ማደያው ላይ ከሊትሩ ጋር ይከፍላል። ናፍጣ ላይ እንዲህ ያለ ግብር የለም። በምትኩ ባለ ናፍጣ ኪሎ ሜትር አስቀድሞ ይገዛል፣ ልክ እንደ ሞባይል ካርድ። የሚሸጠው በ1000 ኪሎ ሜትር ነው። ለትናንሽ መኪኖች 1000 ኪሎ ሜትር 76 ዶላር ነው፤ የእነሱ ዶላር ማለቴ ነው። ስትከፍል ወረቀት ይሰጥሃል፣ የፊት መስታወት ላይ ትለጥፈዋለህ። ወረቀቱ ላይ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር መንዳት እንደምትችል ተጽፏል። የቴክኒክ ምርመራ ሲደረግ ቆጣሪው ይነበባል። የገዛኸው አልቆ ስትነዳ ከተገኘህ ትቀጣለህ።

ይሄ ሥርዓት እዚህ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ያለ ነው። የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ለዓመታት ነፃ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ እነሱም በዚያው 76 ዶላር ገቡ። በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 1,520 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ያኔ የነበረውን ጫጫታ አትጠይቀኝ።

ለገጠሩ አንድ ነገር አለ። ከሕዝብ መንገድ ውጭ ለተነዳ ኪሎ ሜትር ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል። የገበሬው መኪና የራሱ ማሳ ላይ ሲመላለስ መንገድ አላበላሸማ። ያንተ 11 ኪሎ ሜትር ግን የሕዝብ መንገድ ስለሆነ እዚህ ቢሆን ያስከፍልህ ነበር።

የፎገራው

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። መንገድ ከተባለ ነው እንግዲህ።

የዳንግላው

ይህን ነገር በጥሩ ዓይን አልመለከተውም። ሐኪም ቤት የሚሄድ የገጠር ሰው መኪናውን ለሽርሽር አይደለም የሚያስነሳው። የከተማው ሰው ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩ አጠገቡ ነው። በኪሎ ሜትር ስታስከፍል ሩቅ መኖርን ራሱን ነው የምትቀጣው። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ2028 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ለአንድ ማይል 3 ፔንስ እንዲከፍል ወስነዋል፤ እዚያም ገጠሬው ያጉረመርማል።

ሒሳብ ሠሪዋ

የዳንግላው ወንድሜ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ግን በቁጥር እንየው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። የፎገራው፣ አንተ አሁንም በተዘዋዋሪ በኪሎ ሜትር እየከፈልክ ነው። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም በአዋጅ ሲቋቋም ዋናው ገቢው ከነዳጅ ሊትር ላይ የሚነሳ ክፍያ እንዲሆን ነው የተደረገው። የመንገድ ጥገና የሚሠራው ከዚያ ነው። ስለዚህ ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ የቀዳ ብዙ ይከፍላል። ልዩነቱ፣ በሊትር ሲሆን መኪናህ በላተኛ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

ለሒሳብ እንዲመች የመንገዱ ክፍያ ከሊትር 3 ብር ነው እንበል። ትክክለኛው ተመን ነው እያልኩ አይደለም። ያንተ ፒካፕ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ትበላለች እንበል። የከተማ ሰው ትንሽ መኪና ደግሞ 6 ሊትር። አንተ ለኪሎ ሜትር 36 ሳንቲም ትከፍላለህ፤ እሱ 18። ሊትሩ ቀርቶ ሁሉም ሰው በኪሎ ሜትር 27 ሳንቲም ይክፈል ቢባልስ? በወር 16 ቀን፣ በቀን 140 ብትነዳ 2,240 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን 806 ብር ገደማ፣ ያኔ 605 ገደማ። ቀነሰልህ! የጨመረበት ያ ትንሿን መኪና የያዘው ነው።

ይሄ የኔ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በፈቃደኞች ላይ በማይል ማስከፈል ሲጀመር ትልቁ ፍርሃት የገጠሩ ሰው ነበር። ሲጠና ግን የገጠሩ ነዋሪ ብዙ ቢነዳም የሚነዳው በላተኛ ፒካፕ በመሆኑ በነዳጅ ግብሩም ብዙ እየከፈለ ነበር። በአማካይ ብዙም አልተጎዳም፤ እንዲያውም ትንሽ የቀለለለት አለ። በአማካይ ነው ያልኩት። ገጠር ሆኖ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና የገዛ ሰው ግን ይጎዳል።

ወደ ኤሌክትሪክ ስትሄድ ደግሞ አሁን ለመንገዱ በሊትር የምትከፍለው ዜሮ ይሆናል። ነገ በኪሎ ሜትር ይሁን ከተባለ ከዜሮ ወደ 605 ነው የምትዘለው። የእህትህ ልጅ የፈራልህ ይሄን ነው።

የዳንግላው

እህቴ፣ ሒሳብሽ ያማረ ነው። ግን «ሊትሩ ቀርቶ» አልሽ። ማነው ያስቀረው? እኛ አገር አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ይደረባል እንጂ። ከተደረበ 806 ሲደመር 605 ነው።

ሒሳብ ሠሪዋ

እሱን አልከራከርህም። ከተደረበ አንተ ነህ ልክ።

ጋሽ መሪው

ልጆቼ፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለ30 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ ትንሽ ልበል።

በርቀት መክፈል ለእኛም አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ስትገባ ካርድ ትቀበላለህ፤ ስትወጣ በሄድክበት ርቀትና በመኪናህ ዓይነት ይቆረጥብሃል። እኔ ስከፍል አልከፋኝም። መንገዱ ዳንቴል የመሰለ ነው፣ ጎማ አይበላም፣ ሰዓት ይቆጥባል። ያልፈለገ ደግሞ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ አድርጎ በአሮጌው በነፃ ይሄዳል። ምርጫ አለ።

የፎገራው ልጄ ግን ምን ምርጫ አለው? ከወረታ ባሕር ዳር ያለው አስፋልት አንድ ነው። እሱ ቢዘጋ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ዙሪያ ጥምጥሙም ኪሎ ሜትር ሆኖ ሊቆጠርበት ነው። ሌላው ደግሞ 11 ኪሎ ሜትሩ ጭቃ ከአስፋልቱ እኩል ሊከፈልበት አይገባም። እንዲያውም የሚከፍለው እዚያ ላይ ነው፣ በባሌስትራና በጎማ።

የፎገራው

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ባሌስትራውንስ ዘንድሮ ሁለቴ ቀይሬአለሁ።

ጎሚስታው

የኪሎ ሜትር ወጪህን ላሳይህ። ይሄ ከውጭ አገር ወሬው ይልቅ ዛሬ የሚጠቅምህ ነው።

ናፍጣውን ማደያ ላይ አፉ ድረስ ሙላ። ቆጣሪውን ጻፍ። ሁለት ቀን እንደ ልማድህ ሥራ፣ ከዚያ እዚያው ማደያ ተመልሰህ እንደገና አፉ ድረስ ሙላ። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር ነው የበላችው። ሊትሩን በኪሎ ሜትሩ አካፍል። ሰልፍ ስላለ ሙሉ አይቀዱልኝም ካልክ በታወቀ ጀሪካን ለካ። ግን አደራ፣ «ጨርሳ እስክትቆም ልንዳና ልወቅ» እንዳትል። ናፍጣ ካለቀ አየር ይገባል፤ ሐሙሲት መንገድ ዳር ፓምፕ ስታስተነፍስ ትውላለህ።

ጎማ ላይ፣ የአራቱን ዋጋ እስኪያልቁ በነዳኸው ኪሎ ሜትር አካፍል። ዘይትና ፊልትሮም እንደዚያው። ቦሎና ኢንሹራንስ የዓመት ስለሆኑ በዓመቱ ኪሎ ሜትር ይካፈላሉ። ደግሞ ስትመለስ ባዶህን ከሆነ የመመለሻውንም ጫኙ ነው መሸፈን ያለበት። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም ጥር ላይ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካለ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጡት እየበዙ ነው። ጎማቸው ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ከባድ ነው። አብዛኞቹ ከሥር ዝቅ ያሉ ናቸው። ያንተን 11 ኪሎ ሜትር ሳላይ ግዛ አልልህም።

የፎገራው

ወንድሜ ጎሚስታው፣ ሁሉም ገብቶኛል፤ አንድ ችግር ብቻ አለ። ቆጣሪዋ ሞታለች። 287,614 ላይ ከቆመች ቆይታለች። መርፌውም አይነሳም።

ጣና ዳር

ሃሃሃ! ኒውዚላንድ ብትሆን ኖሮ 1000 ኪሎ ሜትር አንዴ ገዝተህ ለልጅ ልጅህ ታወርሰው ነበር።

ከሃሚልተን

አይ፣ እዚህ ቆጣሪህ ተበላሽቶ ከተገኘ ምርመራውን አያሳልፉህም፣ ቅጣትም አለ። ሳቃችሁ ግን ደርሶኛል። ለነገሩ ኦሪገን ላይ ቆጣሪውን የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ መኪናው ላይ ይሰካል። የት እንደምትሄድ የሚከታተልም፣ የማይከታተልም ዓይነት አለ፤ ምርጫው የነጂው ነው። አይስላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ መኪናን በኪሎ ሜትር ማስከፈል ጀመረች፤ ያኔ በኪሎ ሜትር 6 ክሮና ነበር (የአገሩ ገንዘብ ነው)፤ ባለመኪናው ራሱ ነው ቆጣሪውን አንብቦ የሚያስመዘግበው።

የዳንግላው

ራሱ አንብቦ! እኛ ጋ እንዲህ ቢባል የፎገራ ፒካፕ በሙሉ 287,614 ላይ ይቆማል።

ጎሚስታው

ለፌዙ ጊዜ አለን። የፎገራው፣ እንደዚያ ዓይነት አሮጌ ፒካፕ ከሆነች ቆጣሪው በኬብል ነው የሚሠራው፤ ከካምቢዮ ወደ ዳሽቦርድ የሚሄድ ቀጭን ገመድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እሱ ነው። ውድ አይደለም። አስቀይረውና ተመለስ።

የፎገራው (ከአንድ ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ኬብሉ ተቀየረ፣ ቆጣሪዋ ነቃች። አራት ቀን ሠራሁ። 13 ሊትር ለ100 ነው የምትበላው፤ ሒሳብ ሠሪዋ ከገመተችው በአንድ በለጠ። ጎማና ዘይት ስጨምርበት ለጎረቤቶቼ በኪሳራ ስጭን እንደኖርኩ ገባኝ። አንዱን ጎረቤቴን ትናንት «የመመለሻውን ጨምር» ብለው «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ነጋዴ የሆንከው» ብሎ ቡና እየጠጣን አኮረፈኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ሽንኩርቱን ይዞ መጣ።

የሚስቴን ወንድም፣ ፒካፗ ለጊዜው አትሸጥም ብዬዋለሁ። መንገዱ ይስተካከል፣ ከዚያ እናያለን። በኪሎ ሜትር ይክፈል የሚሉ ቀን ደግሞ ቁጥሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ «ሊትሩስ ተነስቷል ወይ?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄዬ።

አሁን የቀረኝ፦ አዲሱ ኬብል ከገባ ወዲህ መርፌው ከ40 በላይ ስሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅም አለው። ምን ይሆን?

ጎሚስታው

ወይ ደርቋል ወይ ሲገባ ታጥፏል። ከዳሽቦርዱ በኩል ፈትተህ የውስጡን ገመድ ሳበው፣ ግራሶ ቀባ አድርገህ መልሰው። ስትመልሰው በጣም እንዳታጣምመው፣ ሰፋ አድርገህ አዙረው። ካልተወው ባሕር ዳር ስትመጣ ጎራ በል።