የእድሩ ብርና የጨው ውሃው

የአዝዋ ልጅ፦ እሁድ እድራችን ስብሰባ ላይ የተባለውን ሰማችሁ? አቅም ለሌላቸው አዛውንቶች የጉልበት መርፌ እናስወጋ ብለን ስንት ወር አዋጣን። የተጋበዘው ዶክተር ማይኩን ያዘና «መርፌው በጥናት ሲታይ ከጨው ውሃ አልተሻለም፤ ብሩን ጉልበትን በስፖርት ለሚያጠነክር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክፈሉበት» ብሎን ወረደ። አዳራሹ ጭጭ አለ። አክስቴ አጠገቤ ነበረች። አምና ጉልበቷን ተወግታ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰኞ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ የመጣች ሴት ናት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እኔን የወጉኝ ጨው ነው እንዴ?» አለችኝ። እስኪ ምን ልበላት?

ነርስ ነኝ፦ ቆርጣችሁ አታውሩ፣ እኔም ነበርኩ። «በጥናት ሲታይ» ነው ያለው። ቦስተን ውስጥ 140 የጉልበት ህመምተኞችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሹን ስቴሮይድ፣ ያው እብጠትና ህመም የሚያስታግሰውን የጉልበት መርፌ፣ ግማሹን የጨው ውሃ በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት ወጓቸው። ማን የቱን እንደተወጋ ሰዎቹ አያውቁም። ውጤቱ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ወጣ። ህመሙ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስቴሮይድ የተወጉት ግን ልም አጥንታቸው የበለጠ ሳሳ። አክስትህን ጨው ወጓት ያለ ሰው የለም።

የአዝዋ ልጅ፦ «ከጨው ውሃ አልተሻለም» እና «ጨው ነው»። ልዩነቱን መጥተሽ አንቺው ለአክስቴ አስረጂልኝ። ቡናውን እኔ አስፈላለሁ።

አብሽር፦ ያ ጀማዓ፣ ከአፋር በግመል የመጣው አሞሌ ሁሉ ለጉልበት ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን ሳያውቁ በወጥ ጨረሱት። ሃሃሃ

ጋሽ ጡረታ፦ ቀልዱን ተዉትና፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ህመምተኛ አምኗችሁ ሲመጣ ውሃ ትወጉታላችሁ? ይሄ ጥናት ሳይሆን ሰው ላይ መቀለድ ነው። እኔን ሐኪም ቤት «ቅባቱ አልቋል» ብለው ነው የላኩኝ። ያለቀ ቅባት በጨው ይሞላል?

ነርስ ነኝ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጉልበት እንደ መኪና ዘይት አያልቅበትም። እኛው ለመግለጽ ቀለለንና «ቅባት» እያልን ሰውን አሳሳትን። አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው ልስልሱ ነገር፣ ልም አጥንቱ፣ ይሳሳል፤ ዙሪያው ያብጣል፤ ጡንቻውም ይላላል። ቀልድ ላሉት ደግሞ፣ ሰዎቹ ተነግሯቸው ፈርመው ነው የሚገቡት። ሂዩስተን ውስጥ በ2002 የወጣ ጥናት አለ። 180 ሰዎች ናቸው። ለአንዱ ቡድን ቆዳውን ብቻ በስተው ሰፉት፣ ለሌሎቹ ጉልበታቸውን በካሜራ እያዩ አጠቡ፣ ጠረጉ። በ2 ዓመት ውስጥ የተጠረጉት ቆዳቸው ብቻ ከተበሳው አልተሻሉም። ሁሉም ቀድመው «የውሸት ቀዶ ጥገና ብቻ ሊደርሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ» ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። ከተጠየቁት 44 በመቶው እምቢ ብለው ሄደዋል።

ጋሽ ጡረታ፦ እምቢ ካሉት ጋር ነኝ።

ዲያስፖራው፦ እናንተ መርፌ መርፌ ትላላችሁ። እኔ ለእናቴ በየዓመቱ ግሉኮሳሚን የሚባለውን የጉልበት ክኒን እልካለሁ። ተሻለኝ ትላለች። አለቀ።

ነርስ ነኝ፦ እሱም ተጠንቷል ወንድሜ። አሜሪካ፣ 1583 ሰው፣ 2006። ግሉኮሳሚንም ኮንድሮይቲንም ለብቻም ሆነ ተደባልቀው ባጠቃላይ ከባዶው ክኒን አልበለጡም። ባዶውን ከዋጡት እንኳ 60 በመቶው ህመማቸው ቀለል ብሏል።

ዲያስፖራው፦ እንዲያ ከሆነ ባዶውን ልላክላት? ሻንጣም ይቀለኛል።

የአዝዋ ልጅ፦ አያችሁ? ክኒኑም ያው፣ መርፌውም ያው፣ ቀዶ ጥገናውም ያው። ለዚች ሴትዮ ሁሉም የጨው ውሃ ነው። ታዲያ ምን ልታደርጉ ነጭ ጋዋን ለበሳችሁ?

የቦርከና ልጅ፦ እኔ ልናገር ወይ? ችግሩ የደሴ ብርድ ነው። ጦሳ ስር ተቀምጣችሁ ጉልበቴን አትበሉ። ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ሙቀቱ ብቻውን ያድናችኋል።

አብሽር፦ መጣ ደግሞ! ኮምቦልቻ ሙቀት ከሚያድን ይልቅ ትንኝ ያስነክሳል።

የቦርከና ልጅ፦ አውሮፕላን ስትፈልጉ የምትመጡት ወደ ትንኙ ነው እኮ።

የአዝዋ ልጅ፦ ኧረ በግሸን ማርያም! ስለ አየር ማረፊያ ሌላ ቀን ተጣሉ።

ሐይቅ ዳር፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ነርሷ የጠራችው የቦስተኑ ጥናት እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘላለችው። ህመሙን የጠየቋቸው በየ3 ወሩ ነው። ስቴሮይድ የሚያስታግሰው ግን ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ይህ ከድሮም የታወቀ ነው። ሦስት ወር ቆይቶ «አሁንስ ያምሃል?» የሚባል ሰው መሀል ላይ የተሻለውን አንድ ወር ማን ይቆጥርለታል? የአዝዋ ልጅ አክስት ዘንቢል የያዘችው በዚያ ወር ይሆናል። አልዋሸችም።

የአዝዋ ልጅ፦ አላህ ይስጥህ። ሰው ተገኘ።

ሐይቅ ዳር፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንተም አትደሰት። በየጊዜው ሲደጋገም ልም አጥንቱን ያሳሳል የተባለውም እውነት ነው። ደግሞ «የጨው ውሃ» የሚለውን እንደ ስድብ የያዛችሁት ሁሉ ይህን ስሙ። ዴንማርኮች 206 ሰው ይዘው ለግማሹ 8 ሳምንት ስፖርትና ትምህርት ሰጡ። ለግማሹ አራት ጊዜ የጨው ውሃ ወጉ። አልደበቋቸውም፤ «ይሄ ጨው ውሃ ነው» ብለው ነግረው ነው። ሲለኩ ሁለቱም ቡድን ተሻለው፣ በመሀላቸው ልዩነት ግን የለም። እንግዲህ ዶክተሩ እድሩን ክፈሉበት ያለው ስፖርትም ከጨው ውሃ አልተሻለም።

አብሽር፦ ወላሂ ጉድ ነው! ጨው ውሃው አሸነፈ። ብሩን በሙሉ ጨው እንግዛበት።

ነርስ ነኝ፦ አንድ ጥናት አንስቶ መወራጨት ቀላል ነው። የአሜሪካ ጦር ሆስፒታሎች ውስጥ 156 ሰዎች ስቴሮይድ መርፌና ፊዚዮቴራፒ ተወዳድረው በዓመቱ የፊዚዮቴራፒዎቹ በግልጽ ተሽሏቸዋል። 2020። ህመምና እንቅስቃሴ የሚለካበት ከ240 የሚያዝ ነጥብ አለ፣ ከፍ ሲል መጥፎ ነው። የመርፌዎቹ 55.8፣ የፊዚዮዎቹ 37። ዶክተሩ ከሜዳ ተነስቶ አላወራም።

የአዝዋ ልጅ፦ የወታደር ሆስፒታል! አክስቴን አሰልፈሽ ቀኝ ኋላ ዙር በያት።

ነርስ ነኝ፦ አፍህን አሳምር። ሁሉንም ነገር ቀልድ ታደርጋለህ።

እመት ረከቦት፦ ልጆቼ፣ ስለ ነጥቡ እኔ ልጠይቅ። ያን መለኪያ ልጄ በስልኳ አውጥታ አነበበችልኝ። ካናዳ ነው አሉ የተሠራው። 24 ጥያቄ አለው። ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ከመኪና ስትወርጂ? ገንዳ ውስጥ ገብተሽ ስትወጪ? ካልሲ ስታጠልቂ? እኔ ገንዳ የት አውቄ! ረከቦቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሦስተኛውን ጀባ ብዬ ስነሳ ነው ጉልበቴ ቀጭ የሚለው። ሽንት ቤት ቁጢጥ ስል ነው። ሱጁድ ወርጄ ስነሳ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ግድግዳው ላይ የእጄ ምልክት ቀርቷል፣ ቀለሙ እስኪለቅ። ጎረቤቴ ደግሞ ስግደቷን በወንበር አድርጋዋለች፣ ዘንድሮ ግሸን መውጣቱን ትታዋለች። ስለዚህ ማን ጠየቀን?

ጋሽ ጡረታ፦ እመት፣ ዕድሜ ይስጥሽ። የስብሰባው ጥያቄ ይሄ ነበር፣ ማንም አላነሳውም።

ነርስ ነኝ፦ እትዬ እውነትዎን ነው። ግን ጉልበት ያው ጉልበት ነው። ጭን ላይ ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ሱጁዱም ቁጢጡም ይቀላል። ባለሙያው ሲመጣ እርስዎ የሚሉትን እንቅስቃሴ ነው የሚያሠራዎት። ክብደት ለሚበዛባቸው ደግሞ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ለጉልበት በየእርምጃው የአራት ኪሎ ያህል ሸክም ይወርድለታል።

የአዝዋ ልጅ፦ አክስቴ ከነነጠላዋ 45 ኪሎ አትሞላም። ምኗን ትቀንስ?

ነርስ ነኝ፦ «ለሚበዛባቸው» አልኩ። ማንበብ ትችላለህ?

ሐይቅ ዳር፦ እሺ ወደ ብሩ እንመለስ። እኔ ብጠየቅ፣ ጉልበቱ አብጦ ሌሊት እንቅልፍ የነሳውን አንዴ ይወጋ፣ ለሌላው ባለሙያ ይቅጠር። በየሦስት ወሩ መርፌ የሚባለው ግን ይቅር።

የአዝዋ ልጅ፦ እኛ መቼ በየሦስት ወሩ አልን? አንዴ ነው ያልነው! ጨው ውሃ ብሎ ያዋረደንን ሰውዬ ትከላከላላችሁ።

ነርስ ነኝ፦ ማንም አላዋረደህም። ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዷን ቃል ይዘህ ሦስት ቀን ከረምክ።

የአዝዋ ልጅ፦ አክስቴም ሦስት ቀን ከረመች። ትናንት ጉልበቷን እያሸች «ጨው ከሆነ እኔው ቤት አለኝ» አለችኝ። ሳቀች፣ ግን አልወደድኩትም አሳሳቋን።

ዲያስፖራው፦ ቁም ነገሩ ካለቀ ልጠይቅ። እኔም አዋጥቻለሁ። ዶክተሩ ለመምጣቱ አበል ተከፍሎታል?

አብሽር፦ ኦሆ! አሁን ገና ክርክር ተጀመረ።

ገንዘብ ያዥ፦ ተከፍሏል።

ዲያስፖራው፦ ከየትኛው? ከመርፌው ብር?

የቦርከና ልጅ፦ ስንት?

ጋሽ ጡረታ፦ ደረሰኝ አለው?

አብሽር፦ ገንዘብ ያዥ አንብቧል። መስመር ላይ ነው። ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ ሲጽፍ ይታየኛል።