መጻፍ፣ በገና መደርደርና መፈልሰፍ፦ ሦስቱን ይዞ መኖር ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አጫጭር ልቦለዶች እጽፋለሁ፣ በገና እደረድራለሁ፣ በገናም ሠርቼ እሸጣለሁ። ተቀጥሬ አላውቅም፤ የወር ወጪዬን የምሸፍነው በዋናነት በገና በማስተማር ነው።

በገና የያዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክረምት ሲገባ ከበግ አንጀት የሚሠራው አውታር እርጥበት ይስብና ቅኝቱ ይፈርሳል፤ ቀንበሩ (የላይኛው አግዳሚ እንጨት) ላይ ያሉት መቃኛዎችም ስለሚንሸራተቱ ተማሪ ፊት ተቀምጦ አሥሩን አውታር እንደገና መቃኘት ግድ ይሆናል። ይህ ነገር ሲያንገበግበኝ ኖሮ፣ ከወይራ እንጨትና ከነሐስ ጥርስ አንዴ ከተጠመዘዘ ወደ ኋላ የማይመለስ መቃኛ ሠራሁ፤ ሁለት ክረምት ፈትኜዋለሁ። ዘመዶቼ ግን «ከሦስቱ አንዱን ያዝ» እያሉ ይመክሩኛል። እውነት አንዱን መምረጥ አለብኝ? መቃኛውን ለገበያ ከማቅረቤ በፊትስ ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ በሕግ በኩል ያለውን ላስረዳዎት፤ ሦስቱ ሥራዎችዎ የሚጠበቁበት መንገድ የተለያየ ነውና። ልቦለዶችዎን በተመለከተ፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር እንጂ ሲመዘገብ አይደለም፤ የሚዘልቀውም በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። በበገና የሚደረድሩት ዜማ ከአባቶች የወረሱት ከሆነ ዜማው የእርስዎ ንብረት አይሆንም፤ የራስዎ አደራደር ግን በከዋኝነት መብት (ሥራውን ተጫውቶ ለሚያቀርብ ሰው በሚሰጠው መብት) ይጠበቃል።

የመቃኛው ነገር ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚሰጠው በዓለም ደረጃ አዲስ ለሆነ፣ የፈጠራ ብቃት ለሚታይበትና በኢንዱስትሪ ሊተገበር ለሚችል ሥራ ሲሆን፣ ጥበቃው 15 ዓመት ሆኖ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ጊታር ጥርስ ያለው መቃኛ ከያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው፣ በዚህ መንገድ ያልፋል ብዬ አላስብም። አነስተኛ ፈጠራ የሚባለው ግን አዲስነቱ የሚመዘነው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ይሰጥና ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። ለእርስዎ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል። ማመልከቻዎን ለአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን እስኪያስገቡ ድረስ መቃኛውን በኤግዚቢሽን አያሳዩ፤ በቪዲዮም አይልቀቁ።

መልስ፣ ከቢቸና፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር

ልጄ፣ «አንዱን ያዝ» የሚሉህ ለአንተ ተቆርቁረው ስለሆነ አትቀየማቸው። ነገር ግን አገራችን ጎጃም ለዚህ ዓይነት ሰው እንግዳ አይደለችም። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ተነሥቶ ቴያትርና መዝሙር ጽፏል፤ በዘውዳዊው ዘመን የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም የእርሱ ነው። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሠዓሊ፣ የሰዋስው ጸሐፊና ልቦለድ ደራሲ ነበር፤ በንግድም ሠርቷል፣ በኋላም ነጋድራስ ሆኗል። ይሁንና አንድ ነገር ልብ በል፤ ሁለቱም ደመወዝ የሚያስገኝ የመንግሥት ሥራ ይዘው ያውቃሉ፣ አንተ ግን በራስህ የቆምህ ነህ።

ስለዚህ ለአንተ ይበልጥ የሚቀርብህ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይመስለኛል። ይጽፋል፣ ሙዚቃ ይጫወታል፤ በ1761 እ.ኤ.አ. ከሚሽከረከሩ የመስታወት ሳህኖች ድምፅ የሚያወጣ የሙዚቃ መሣሪያ ፈልስፏል። ያንን ሁሉ ያስቻለው ግን የማተሚያ ቤቱ ገቢ ነው፤ በ42 ዓመቱ ከዕለት ተዕለት የኅትመት ሥራ የወጣውም ድርጅቱ ያለ እርሱ መሄድ ሲችል ነው። አንተም የምትመርጠው የትኛውን እንደምትተው ሳይሆን፣ የትኛው እንጀራ እንደሚሆንህ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ማስተማሩ ነው።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

እኔም ክራር እጫወታለሁ፣ እጽፋለሁም። ከዓመታት በፊት የግጥም ረቂቄን ለአንድ አሳታሚ በቃል ስምምነት ብቻ ሰጥቼ፣ መጽሐፉ ታትሞ ሲሸጥ አንድ ብር አላገኘሁም፤ ስለዚህ መብት የሚተላለፍበት ውል ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ጥያቄም አለኝ፦ አሥር የነሐስ ጥርስ ቀንበሩ ላይ ሲጫን በገናው ወደ ፊት አያጋድልም? የእንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረትስ አይደበዝዝም?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ የማስተማሪያ ሰዓቴን አልነካም፣ ልቦለዱን እንደ ልማዴ ማለዳ እጽፋለሁ። ማመልከቻውንም በአነስተኛ ፈጠራ አዘጋጃለሁ።

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ነሐስ ስለነበረ በገናው ከግራ ትከሻዬ እየሸሸ ያስቸግረኝ ነበር። አሁን ነሐስ የሆነው ውስጥ ያለው ጥርስ ብቻ ነው፤ እጀታውና ሽፋኑ ወይራ ነው። እንዝራው የሚቀመጠው ታች በርኩማው (የአውታሮቹ መደገፊያ) ላይ ስለሆነ ንዝረቱ አልተነካም፤ በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ ግን ገና ልዩነት ይሰማኛል፤ ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት እርሱን ማስተካከል አለብኝ።