ከሁለቱ የማስተርስ ፕሮግራሞች በየትኛው ላመልክት?

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ስድስት ዓመት በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጠርዙ እስኪላላጥ ከጠረጴዛዬ አልተለየም። ባለፈው ዓመት አሠሪና የሠራተኛ ማኅበር በሚዋዋሉት የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ስቀመጥ ግን አዋጅ ማወቅና መደራደር ለየቅል መሆናቸው ገባኝ።

ስለዚህ አሜሪካ በሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት ትምህርት ቤት ለማመልከት ወሰንኩ። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ለሙያተኞች የተዘጋጀ፣ በመደበኛው ሁለት ዓመት የሚወስድ ነው፤ ሌላው በምርምር ላይ የቆመ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ የሚያልቅ። የዓላማ መግለጫውን አራት ጊዜ ጻፍኩት፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። የቀድሞ መምህሬ «ምርምሩ ይሻልሃል» አሉኝ። አለቃዬ ደግሞ «ጥናት ጽፈህ ማንን ልታስታርቅ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር ሳቁ ነው እንዳመነታ ያደረገኝ።

ማስተማር አልፈልግም። ፍላጎቴ ተመልሼ አሠሪና ሠራተኛን ማስማማት ነው። ከኪሴ የምከፍለው ግን የለኝም፤ የገንዘብ ድጋፍ ካላገኘሁ አልሄድም።

በዚህ መስክ የተማራችሁ ወይም ያመለከታችሁ፣ እንደ እኔ ላለ ሰው የገንዘብ ድጋፍ የማግኘት ዕድሉ የሚሰፋው በየትኛው ነው?