ለወጣቶች የእግር ጉዞ ቦርሳ ሲዘጋጅ ምን ይያዝ፣ ምንስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ከቡድን አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 ዓመት ከሆኑ ወጣቶች ጋር ዕቃችንን በጀርባችን ተሸክመን በተራራማ ስፍራ ለሦስት ቀናት በእግር ለመጓዝና ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር በዝግጅት ላይ ነን። ቦርሳቸውን አዘጋጅተው ለሙከራ እንዲመጡ ባደረግንበት ዕለት አንዳንዱ ቦርሳ ባለቤቱ ከመሬት ሊያነሣው የማይችል ሆኖ ተገኘ፤ በአንጻሩ የዝናብ ልብስ ጨርሶ ያልገባበት ቦርሳም ነበረ። ብንቀንስ የሚያስፈልግ ነገር ይጎድላል ብለን እንሰጋለን፤ ባንቀንስ ደግሞ ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ዳገት ይዝላሉ። የቦርሳው ክብደት እስከ ስንት ቢሆን ይመከራል? ቅነሳውስ ከየት ቢጀመር ይሻላል?

መልስ፦ ከጉዞ መሪ

ቦርሳው ውኃውንና ምግቡን ጨምሮ ከተሸካሚው የሰውነት ክብደት ከአንድ አምስተኛ ባይበልጥ መልካም ነው፤ አንድ አራተኛውን ግን በምንም ምክንያት ማለፍ የለበትም። ስለዚህ 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 10 ኪሎ ገደማ ብትሸከም ይበቃታል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሁለት ሊትር ብትይዝ ከድርሻዋ አንድ አምስተኛው በውኃ ተያዘ፤ ቦርሳውን ውኃው ሳይገባበት መመዘን የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ቅነሳውን የተደጋገመውን በማውጣት ይጀምሩ። በአንድ ድንኳን የሚያድሩ ሦስት ልጆች ሦስት የጥርስ ሳሙና፣ ሦስት ድስትና ሦስት ቢላዋ አያስፈልጋቸውም። ድንኳኑም ቢሆን ለአንድ ሰው የሚጫን ሸክም አይደለም፤ አንዱ የውስጡን ጨርቅ፣ ሌላው የውጭውን ሽፋን፣ ሦስተኛው ምሰሶዎቹንና ካስማዎቹን ሊይዝ ይችላል። የዝናብ ልብስ፣ የሚያሞቅ ሹራብ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ውኃና የመኝታ ከረጢት ግን ከማንም ጋር የማይካፈሉት የየራስ ዕቃ ነው፤ አንድ ልጅ ከቡድኑ ቢነጠል ሕይወቱን የሚያቆዩለት እነዚህ ናቸውና።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ዕቃውን ከቦርሳ የሚያወጣው መሪው ሳይሆን ልጁ ራሱ ይሁን። ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ዕቃ መቼ እንደሚጠቀምበት ይናገር፤ ጊዜውን ሊጠቅስለት ያልቻለውን ዕቃ ያለ ክርክር ራሱ ይተወዋል። ከዚህም በላይ በራሱ እጅ የከተተውን በጨለማና በዝናብ እንኳ ሳይቸገር ያገኘዋል።

መልስ፦ ከተራራ ወዳጅ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ልብስና ስለ አከታተት ልጨምር። በጥጥ የተሠራ ልብስ፣ በተለይም ጂንስ ሱሪ፣ ከዘነበበት ውኃውን ይዞ ይከብዳል፤ ለመድረቅ ይዘገያል፤ የሰውነትንም ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይመረጣል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ ከተራራው ሥር ሆኖ የሚታየው አየር ለምሽቱ ልብስ መለኪያ ሊሆን አይችልም። አንድ ሙሉ የመኝታ ልብስ ቀን ፈጽሞ ሳይለበስ ደረቅ እንደሆነ ለሌሊት ይቀመጥ። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ይህንን ማስቀረትን አጥብቄ እቃወማለሁ።

የቦርሳው የዝናብ ሽፋን ብቻውን አያስተማምንም፤ ቦርሳውን ከውስጥ በጠንካራ ላስቲክ አልብሰው ዕቃውን በዚያ ውስጥ ቢከቱት ይሻላል። የመኝታ ከረጢቱ ከታች ይግባ፤ ምግብና ድስትን የመሰለው ከባድ ዕቃ በመሐል ለጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ የዝናብ ልብሱና የቀኑ ስንቅ ከላይ ይሁኑ። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ከራቀ ቦርሳው ልጁን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ጎንበስ ብሎ ለመሄድ ይገደዳል። ሲሸከሙትም አስቀድሞ የወገቡ ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ ይታሰር፤ የትከሻው ማንገቻ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው ሸክም ማረፍ ያለበት በዳሌ ላይ ነው።

ከጠያቂው፦

ከልብ አመሰግናለሁ። ምድጃውንና መድኃኒቱንስ ለወጣቶቹ እንስጣቸው ወይስ መሪዎች እንያዝ?

መልስ፦ ከነርስ

አስምን ለመሰለ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት ከባለቤቱ ኪስ አይለይ፤ ትርፉ ደግሞ በመሪው ዘንድ ይቀመጥ። መሪው ከኋላ ርቆ ሳለ የሚነሣ ሕመም መሪውን አይጠብቅም።

ምድጃውን ወጣቶቹ ቢይዙትና ቢለማመዱበት አልቃወምም። ነዳጁ ግን ክዳኑ በሚገባ ጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከምግብ ተለይቶ ይቀመጥ። ዝናብም ሆነ ብርድ ቢበረታ ምድጃ በድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስ፤ እሳት ከማስነሣቱም ሌላ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ለእግርም ተገቢው ትኩረት ይሰጠው። ውኃ የሚቋጥር ቁስል የሚጀምረው ጫማው በሚያሽበት ቦታ ላይ በሚሰማ ሙቀት ስለሆነ፣ ልጆቹ ያ ሙቀት እንደተሰማቸው ሳያፍሩ ቡድኑን አስቁመው ፕላስተር እንዲለጥፉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉዞው ዕለት አይደረግ። ከመነሻችሁ ቀን በፊት ሙሉውን ቦርሳ ተሸክመው፣ የሚጓዙበትን ጫማና ካልሲ አድርገው ግማሽ ቀን ያህል ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ቢለማመዱ፣ የሚቆረቁረው ማንገቻም የሚጠበው ጫማም ለመለወጥ ጊዜ ሳለ ይታወቃል።