የመግቢያና የመውጫ ሰዓቴ እንዲቀየርልኝ አሠሪዬን እንዴት ልጠይቅ?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ፤ ቤቴ አያት ነው። የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ሲሆን፣ ልጆቼን የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ 10፡30 ገደማ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ያወርዳቸዋል። እስከ አምና የምትቀበላቸው እናቴ ነበረች፤ ዘንድሮ ግን ጉልበቷን ስላመማት ደረጃ መውጣትና መውረድ ተስኗታል፤ ባለቤቴም የሚሠራው ሐዋሳ በመሆኑ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። በማታው የትራንስፖርት ሰልፍ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 1፡00 በኋላ ስለምደርስ፣ ትንሿ ልጄን ደብተሯን እንደ ያዘች ሶፋ ላይ ተኝታ አገኛታለሁ። ሥራዬን መልቀቅ አልፈልግም። ጠዋት 1፡00 ገብቼ፣ የምሳ ሰዓቴን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳጥሬ 9፡30 ብወጣ ስምንቱ ሰዓት ይሞላል። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን «ሌላውም ይጠይቀኛል» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል? በምን መልክስ ብጠይቅ ይሻላል?

ምላሽ (የሰው ኃይል ባለሙያ)

እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል እንጂ በስንት ሰዓት ተገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አይደነግግም። ያሰቡትን ለውጥ ሕጉ አይከለክልም፤ አሠሪውም የመቀበል ግዴታ የለበትም። አዋጁ የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ማከፋፈልን ጭምር ይፈቅዳል፤ ገደቡ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አለመጨመር ነው። እርስዎ የጠየቁት ከዚህም የቀለለ ነው። የቃል ስምምነት ግን አይበቃዎትም፤ አለቃ ይቀየራል። የተስማማችሁበት ነገር በደብዳቤ ተጽፎ ከግል ማኅደርዎ ጋር ካልተያያዘ፣ አዲስ የመጣ ኃላፊ 9፡30 መውጣትዎን ከሥራ ገበታ እንደ መቅረት ሊቆጥረው ይችላል።

ምላሽ (በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት የሚሠራ አባት)

ጥያቄዎ ስለ ሰዓት መሆኑ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው «ከቤት ልሥራ» ብሎ ይጀምርና ችግሩ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቀዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ቤት በዋልንበት ሰሞን እናቴ ለጎረቤት «ልጄን ከሥራ አስወጡት መሰለኝ» ብለው አዝነው ነበር። ቤት የዋለ ሰው ሥራ እንደ ፈታ ስለሚቆጠር፣ ጋዝ ሲያልቅም ሆነ እድር ሲጠራ የሚላከው እሱ ነው። እኔን የረዳኝ ጫማ ነው፤ ሥራ ስጀምር ጫማዬን አደርጋለሁ፣ ስጨርስ አወልቃለሁ፤ የአራት ዓመቱ ልጄም «አባባ ጫማ አድርጓል» ብሎ ከበር ይመለሳል። መብራት በሄደ ቁጥር ግን የጎደለውን ሰዓት የማካክሰው ሌሊት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ማዛወሩ ከቤት ከመሥራት ይሻልዎታል ባይ ነኝ።

ምላሽ (ከለንደን)

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 ጀምሮ ተቀጣሪ ከመጀመሪያው የሥራ ቀኑ አንሥቶ የሥራ ሰዓቱ እንዲስተካከልለት በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ በ12 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪውም በሁለት ወር ውስጥ መወሰን አለበት። መብቱ የመጠየቅ እንጂ የማግኘት አይደለም፤ በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ የእኔም ጥያቄ አንዴ ውድቅ ሆኗል። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ስለ ልጄ ብቻ የሚያወራ ነበር፤ በሁለተኛው የእሑድን ፈረቃ እንደምሸፍንና የጠዋቱን ርክክብ ከማን ጋር እንደምቀያየር ጽፌ ሳስገባ በሳምንቱ ተፈቀደልኝ። እርስዎም ከ9፡30 በኋላ ለክፍያ የሚመጣን ደንበኛ ማን እንደሚያስተናግድ አስቀድመው ይጻፉ።

ምላሽ (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን የሦስት ወር ሙከራ ብዬ ጻፍኩት፤ ወር በምንዘጋበት ሳምንት በቀድሞው ሰዓት እንደምሠራ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውንም ሰነድ ገንዘብ ያዥዋ ተቀብላ እንደምታቆይልኝ ገልጫለሁ። ዛሬ ጠዋት 12፡00 ላይ ከአያት በቀላል ባቡር ተሳፍሬ ስሞክረው መቀመጫ አግኝቼ 1፡00 ሳይሞላ ቢሮው በር ላይ ደረስኩ። ነገር ግን ጥበቃው ዋናውን በር የሚከፍቱት 1፡30 ነው፤ ስለዚህ የቁልፉን ጉዳይ ጨምሬ ነገ አስገባዋለሁ።